የሦስተኛ ዓመት የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ወደ ቁፋሮው ልሂድ ወይስ በሙዚየም ልለማመድ?

ጠያቂ፦ ሰንበሌጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍላችን ዘንድሮ ለተግባር ትምህርት ሁለት አማራጮችን አቅርቦልናል። የመጀመሪያው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ለአራት ሳምንታት በላይኛው አዋሽ ሸለቆ፣ ከመልካ ቁንጥሬ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ የሚካሄድ የቁፋሮ የመስክ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ሙዚየም የቅርስ ማከማቻ ውስጥ ቅርሶችን በመለየትና በመመዝገብ የሚያልፍ ልምምድ ነው። ሁለቱም እኩል ነጥብ የሚያሰጡ ቢሆኑም ሁለቱንም መያዝ አይቻልም፤ ቅጹንም እስከሚቀጥለው ሐሙስ ማስረከብ ይኖርብኛል።

ከተመረቅሁ በኋላ መሥራት የምፈልገው በቅርስ ምዝገባና ጥበቃ ላይ ስለሆነ ሙዚየሙ ለወደፊት ሥራዬ የሚቀርብ መስሎ ይታየኛል። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አፈር ንብርብር ሳነብ ኖሬ አንድም ቀን በዓይኔ ሳላየው መመረቅ ይከብደኛል። ከእኔ ቀድመው የሄዱ ሁለት ተማሪዎችን ጠይቄ ነበር፤ አንዷ በአራት ዓመት ቆይታዋ እንደዚያ ያለ ትምህርት አግኝታ እንደማታውቅ ስትነግረኝ፣ ሌላው ግን አፈር በባልዲ ከማመላለስና ወንፊት ከመነቅነቅ በቀር ያተረፈው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። እናቴ በበኩሏ ሴት ልጇ ለአንድ ወር ያህል ድንኳን ውስጥ ማደሯን ስታስብ እንቅልፍ አጥታለች፤ ጭንቀቷን ንቄ ማለፍ አልፈልግም።

ስለዚህ በመስክ የቆያችሁ ሰዎች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ቁፋሮ ያልሠራ ሰው ጥሩ የቅርስ መዝጋቢ መሆን ይችላል ወይ? የመስክ ትምህርቱ በእርግጥ ትምህርት መሆኑን፣ የጉልበት ሥራ ብቻ አለመሆኑን፣ ከመሄዴ በፊት በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ ሰጪ፦ የሸለቆው ተማሪ

እህቴ ሰንበሌጥ፣ እኔም የመስክ ትምህርቴን የወሰድሁት በዚያው ሸለቆ፣ ልክ እንደ አንቺ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን በመሥራት ላይ ነኝ። ምክሬን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል፤ ወደ መስክ ሂጂ።

ምክንያቱን የማስረዳው በራሴ ጥፋት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነችው ካሬዬ ተንበርክኬ፣ የግንበኛ ማንኪያ በምትመስለው ትራወል አፈሩን በስሱ ስጠርግ ከግድግዳው ሥር ጫፉ የሚያብረቀርቅ ባልጩት ብቅ አለ። ደስታዬን መግታት አቅቶኝ በሁለት ጣቴ ስቤ አወጣሁት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ስንጣሪ ነበር። አስተማሪያችን አልተቆጡኝም። ስንጣሪውን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ካስቀመጡት በኋላ ከየት እንዳወጣሁት ጠየቁኝ፤ እኔም ቦታውን በጣቴ አሳየኋቸው። ከሰሜኑ ገመድ ስንት ሳንቲ ሜትር ይርቅ እንደነበር፣ ከምሥራቁስ ስንት፣ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደነበር፣ ወደየት አዘንብሎ እንደተኛና የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበር ሲጠይቁኝ ግን አንዱንም መመለስ አልቻልሁም። ከዚያም በካሬዬ መዝገብ ላይ በገዛ እጄ «ከመለካቱ በፊት ተነቅሏል» ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። ያ ጽሑፍ ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድም ነገር ሳልለካ አላነሳሁም።

የዝንባሌው ነገር በክፍል ውስጥ ስማረው ትርፍ ዝርዝር ይመስለኝ ነበር። በአንድ ንብርብር ውስጥ የተገኙት ድንጋዮች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብለው ከተገኙ፣ ጠርዛቸውም ተሞርዶ ከተድበለበለ፣ ጎርፍ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ያከማቻቸው መሆናቸውን እንጠረጥራለን። ጠርዛቸው እንደተሳለ ከቆየ፣ ደቃቅ ስንጣሪዎችም አብረዋቸው ካሉ፣ ይልቁንም አንዱ ስንጣሪ ከሌላው ጋር ሲገጣጠም ከተገኘ ግን ሰው ተቀምጦ ድንጋይ የጠረበበት ሥፍራ ላይ መሆናችንን ማሰብ እንጀምራለን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ልዩነቱን የሚነግረን ደግሞ ድንጋዩ ብቻውን ሳይሆን ከመነሳቱ በፊት የተጻፈው ቁጥር ነው። መጽሐፍ ተመልሶ ይነበባል፤ የተቆፈረ ካሬ ግን ሁለተኛ አይቆፈርም። ሥራችን የምናጠናውን ነገር እያፈረሰ የሚሄድ በመሆኑ የሚቀረው መዝገቡ፣ ሥዕሉ፣ ፎቶግራፉና በከረጢት የታሰረው ናሙና ብቻ ነው።

የምትሄጂበት አካባቢም ይህን ለመማር የተመቸ ነው። መልካ ቁንጥሬን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1963 ነበር፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መርተዋል። ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ ከ700,000 ዓመት በፊት ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ እንዲሁም እንስሳት በረገጡት መሬት ላይ የቀሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል። የእግር አሻራ እንደ ድንጋይ መሣሪያ ተነስቶ በከረጢት የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን አስቢ፤ ከላይ ያለው ንብርብር የት አብቅቶ የታችኛው የት እንደሚጀምር ያላስተዋለ ቆፋሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠርጎ ሊያጠፋው ይችላል። ሲምቢሮ በተባለው ሥፍራ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከባልጩት የእጅ መጥረቢያዎችን በብዛት ይሠሩ እንደነበር ታውቋል። የባልጩቱ መገኛ የሆነው ባልጪት በስሙ ጭምር ይህንኑ ስለሚናገር፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አብረው መስፈራቸው ለእኔ ልዩ ደስታ የሰጠኝ ነገር ነው።

ወንፊት ከመነቅነቅ በቀር ምንም አላተረፍሁም ስላለሽ ጓደኛሽ አንድ ነገር ልበል። ወንፊት ላይ መቆም አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ግን ወንፊቱ የቆፋሪው መመርመሪያ ነው። ከካሬው ውስጥ የተለካ ዕቃ ሦስት ልኬት አለው፤ በወንፊት የተገኘ ግን ከየትኛው ካሬና ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ትልልቅ ቁራጮች ወንፊት ላይ ከበዙብሽ ካሬው ውስጥ ያለው ሰው እየተቻኮለ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጓደኛሽ ይህን የሚያስረዳው ሰው ሳያገኝ ቀርቶ ከሆነ ጥፋቱ የወንፊቱ አይደለም።

ከአካባቢው የተቀጠሩትን ሠራተኞች አክብሪ፤ ተጠግተሽም ተማሪ። እኔ ከነበርሁበት ቡድን ውስጥ አንድ አባት አፈሩ መለወጡን ከቀለሙ በፊት በትራወሉ ድምፅ ይለዩት ነበር። ቀለሙን የአፈር ቀለም ናሙናዎች በያዘው በመንሰል የቀለም መጽሐፍ አመሳክረን ስንጽፍ እሳቸው ቀድመው ያሉት ትክክል ሆኖ ያገኘነው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው።

መልስ ሰጪ፦ የግምጃ ቤቱ ሰው

በቅርስ ማከማቻ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። የሸለቆው ተማሪ የጻፈው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሙዚየሙ ልምምድ ለደካሞች የተተወ አማራጭ ተደርጎ እንዲታይ አልፈልግም። ቁፋሮ በአራት ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ የወጣውን ዕቃ ማጠብ፣ መለየት፣ ቁጥር መጻፍ፣ መመዝገብና ለዘመናት ሳይበላሽ ማቆየት ግን የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይችልም። በቁፋሮ የተገኘውም የሕዝብ ሀብት ነው፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ቀን አንድ ሣጥን ከፈትሁ። ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አልናገርም። በውስጡ እጅግ የሚያምሩ የሸክላ ስባሪዎች ነበሩ፤ በከረጢቱ ላይ ግን በእስክሪብቶ ከተጻፈው ውስጥ «ካሬ 4» የሚለው ብቻ ቀርቶ የቦታው ስም፣ ዓመቱና ንብርብሩ በእርጥበት ጠፍተው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገቦችን ሳገላብጥ ቆይቼ ምንም ላገኝ አልቻልሁም። እነዚያ ስባሪዎች አሁንም አሉ፤ ውብ ናቸው፤ ግን የሚናገሩት የላቸውም። ሰንበሌጥ ሆይ፣ ቁፋሮ ያልሠራ ሰው ጥሩ መዝጋቢ መሆን ይችላል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ያ መለያ ወረቀት በፀሐይና በነፋስ መካከል፣ በደከመ እጅ እንዴት እንደሚጻፍ ያየ ሰው የት ቦታ ላይ ስሕተት እንደሚፈጠር አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህም የተጻፈውን ሁሉ አምኖ አይቀበልም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሁኔታ ያለበት ነው። ወደ ትምህርት ክፍልሽ ሄደሽ የመስክ ትምህርቱን የሚመሩትን መምህር ጠይቂ። አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪዎችን ይይዛል? እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መዝገብ ይጽፋል ወይስ መዝገቡ በአሠልጣኙ እጅ ብቻ ነው? ከሰዓት በኋላ ዕቃ የሚታጠብበት፣ የሚለይበትና ቁጥር የሚጻፍበት ጊዜ ተመድቧል? ተማሪው የንብርብሩን ሥዕል በራሱ እጅ ይሥላል? የእነዚህ መልስ አዎንታ ከሆነ ሂጂ፤ ሙዚየም ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ቁፋሮ ግን ዝናብ በሌለበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚካሄድ ነው። መልሱ አሉታ ከሆነ፣ ማለትም ጉልበትሽ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ፣ ወደ እኛ ዓይነቱ ማከማቻ ብትመጪ የበለጠ ትማሪያለሽ።

መልስ ሰጪ፦ ከሜሪላንድ

ሰላም ሰንበሌጥ። እኔ የተማርሁት በአሜሪካ ስለሆነ የእኛ ሁኔታ ከእናንተ በብዙ ይለያል፤ ግን ስለ እናትሽ የጻፍሽው ልቤን ስለነካው ዝም ማለት አልቻልሁም።

እዚህ የመስክ ትምህርት በበጋው ዕረፍት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚወሰድ ሲሆን፣ ተማሪው እንደ ማንኛውም ኮርስ ከፍሎ ነው የሚገባው፤ እኔም ለእሱ ስል ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ማታ ማታ ሠርቻለሁ። ተፈላጊነቱ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ በታሪካዊ ሥፍራዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲታይ ስለሚያስገድድ፣ መንገድ ወይም ድልድይ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚመረምሩ ድርጅቶች ብዙ የመስክ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጠይቁት የመስክ ትምህርት መውሰድሽን ነው። ያለዚያ የመጀመሪያዋን ሥራ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

እኔ የሠራሁት በቨርጂኒያ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በባርነት የተያዙ ሰዎች ይኖሩበት በነበረ የእርሻ ሥፍራ ላይ ነው። የምናገኘው የዛገ ምስማር፣ የሸክላ ስባሪ፣ አዝራርና የተሰባበረ የሸክላ ፒፓ ነበር። ፒፓው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የተባለ ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው የፒፓው ዘንግ ቀዳዳ ከ17ኛው ወደ 18ኛው መቶ ዘመን እየጠበበ ስለመጣ፣ ብዙ ስባሪዎችን በመሰርሰሪያ ጫፍ እየለካን የሥፍራውን ዘመን መገመት እንችል ነበር። ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ሰዎች ማታ ደክሟቸው ተቀምጠው ያጨሱበትን ነገር በእጄ ይዤ ስለካ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለ እናትሽ ጉዳይ ደግሞ ይህን እላለሁ። የእኔም እናት አዲስ አበባ ሆና በየቀኑ ትደውል ነበር። እኔን ያረጋጋኝ፣ እሷንም ያረጋጋት፣ ከመሄዴ በፊት ዝርዝሩን ጠይቄ ማወቄ ነው፤ የሴቶች ማደሪያ ለብቻ ነው ወይ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ እንዴት ነው፣ ሌሊት ጥበቃ አለ ወይ፣ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው፣ ሴት አሠልጣኝ አለች ወይ፣ አንድ ሰው ያልተገባ ነገር ቢፈጽምብሽ አቤት የምትዪው ለማን ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለመጠየቅ አትፈሪ፤ አስቀድሞ ያላሰበበት ቡድን ካጋጠመሽ እኔ እንድትሄጂ አልመክርሽም። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ እናትሽ አንድ እሑድ መጥታ ብታይሽ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ይህ ሥራ የወንድ ነው የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ የኮንሶን ሴቶች አስታውሺው። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ድንጋይ ጠርበው፣ በእንጨት እጀታ ላይ አስገብተው ቆዳ ሲፍቁ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ተመራማሪዎችም የጥንቱን የድንጋይ መሣሪያ አሠራር ለመረዳት ከእነሱ ዘንድ ሄደው ተምረዋል።

መልስ ሰጪ፦ ቆላ ወራጅ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአፋር ሁለት ወቅት ቆይቻለሁ። የመስክ ትምህርት ቁፋሮ ብቻ አይደለም፤ በእግር እየሄዱ መሬት ማሰስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሌዲ ገራሩ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኘው ኢትዮጵያዊው ቻላቸው ሥዩም ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ ያገኘውም በአሰሳ ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ የአሰሳ ቀናት መኖራቸውን ጠይቂ፤ ካሉ ከማንም በፊት ስምሽን አስመዝግቢ።

ጠያቂ፦ ሰንበሌጥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግምጃ ቤቱ ሰው፣ እርስዎ የጻፉልኝን ጥያቄዎች በወረቀት ገልብጬ፣ ከሜሪላንድ የጻፈችልኝ እህቴ የጨመረችውንም አክዬ ትናንት ወደ መምህራችን ቢሮ ሄጄ ነበር። አንድ አሠልጣኝ አምስት ተማሪዎችን እንደሚይዝ፣ መዝገብ እያንዳንዳችን እንደምንጽፍና በየማታው እንደሚታረም፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ የማጠብና የመመዝገብ ሥራ እንዳለ ነግረውኛል። የንብርብር ሥዕል የሚሥለው ግን ከአምስቱ ሁለት ተማሪ ብቻ መሆኑን ሲነግሩኝ ሁላችንም እንድንሥል እንዲፈቀድ ጠየቅሁ፤ እንደሚያስቡበት ነግረውኛል። የሴቶች ድንኳን ለብቻ ነው፤ አንዲት ሴት መምህርትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ከእኛ ጋር ያድራሉ። የአቤቱታውን ነገር ስጠይቅ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ኃላፊነቱ ለእኚሁ መምህርት በጽሑፍ እንደሚሰጥ ቃል ገብተውልኛል።

እናቴ ሙሉ በሙሉ ባትረጋጋም መምህርቷን በስልክ አነጋግራ ሁለተኛው እሑድ ላይ ልትመጣ ተስማምታለች። ቅጹን ዛሬ አስረከብሁ፤ የመረጥሁት መስኩን ነው። የግምጃ ቤቱ ሰው ካልከፋዎት፣ በክረምቱ ዕረፍት ደግሞ በበጎ ፈቃድ ማከማቻ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁና እንዴት እንደሚመለከት ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

የሸለቆው ተማሪ፣ ይዤ መሄድ ያለብኝን ነገር ብትነግረኝ?

መልስ ሰጪ፦ የግምጃ ቤቱ ሰው

ከትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈሽ በግንቦት ውስጥ ለሙዚየሙ አስተዳደር አስገቢ፤ ክረምት እስኪገባ አትጠብቂ። በመስክ ላይ የጻፍሽውን መዝገብ ቅጂም ይዘሽ ነይ።

መልስ ሰጪ፦ የሸለቆው ተማሪ

ትራወል፣ ሜትር፣ ቱንቢና ውሃ ልክ ከቡድኑ ይሰጣል። አንቺ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ሸሚዝ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ለሌሊቱ ብርድ ወፍራም ሹራብና ሁለት ሊትር የሚይዝ የውሃ ዕቃ ያዢ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀን ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። የምትጽፊው በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈስሳል፤ የግምጃ ቤቱ ሰው የነገሩሽም ይህንኑ ነው። ለጉልበትሽ ደግሞ ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ሁለት ቁራጭ ስፖንጅ ቆርጠሽ በጨርቅ ሰፍተሽ ያዢ፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ነበር የገባኝ።